የቤት ቁጥሩን ማን ቆረጠው?

ባለፈው መስከረም ዋሽንግተን ውስጥ በተከፈተ አንድ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ላይ ተገኝቼ ነበር። የኛ ሰው የሚሰባሰብበት የተለመደው ዓይነት ምሽት ነው፤ ወይን በፕላስቲክ ብርጭቆ፣ ሳምቡሳ በትሪ፣ ጥግ ላይ ክራር የሚቃኝ ልጅ። ግድግዳው ላይ ሃያ ያህል ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ሁሉም በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው የፒያሳ ሰፈር ፍርስራሾች ናቸው።

ከመግቢያው ፊት ለፊት የተሰቀለው ከሁሉም ይበልጣል። የአንድ ክፍል ግድግዳ ነው። ጣሪያው ተነሥቷል፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ወድቀዋል፣ አንዱ ብቻ ቆሟል። ከወገብ በታች አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከወገብ በላይ ኖራ። አምስት ምስማር። ከምስማሮቹ በታች ምርጊቱ ረግፎ ጭድና ማገሩ በሚታይበት ቦታ ላይ፣ ተቀዶ በተዘረጋ የዘይት ጣሳ የተመታ ጥጋኝ። የፎቶው ስም «ትዝታ፣ ቁጥር 4» ይላል። ከሥሩ የተለጠፈው ማብራሪያ ደግሞ ግድግዳው የሀገሪቱ የማንነት ቁስል ምሳሌ መሆኑን ይነግረናል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያንን ጥጋኝ የመታሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ክረምት ነበር፤ ጣሳውን በመቀስ ስቀድ እጄን ቆርጦኝ ምልክቱ እስካሁን አለ። ክፍሏ የእማማ ናት። ስማቸውን አልጽፍም፤ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ባደግሁበት ግቢ ጎረቤታችን ነበሩ። አምስቱ ምስማሮች ምን ምን ይሸከሙ እንደነበር በቃሌ ልነግራችሁ እችላለሁ። አንዱ የማርያምን ሥዕል፣ አንዱ የልጃቸውን የምረቃ ፎቶ፣ አንዱ ዘመኑ ያለፈበት ካላንደር፣ አንዱ ወንፊት፣ የመጨረሻው ነጠላቸውን። የማንነት ቁስል የተሰቀለበት ምስማር አላስታውስም።

በዚያው ምሽት ፎቶውን በስልኬ አንስቼ በልጅ ልጃቸው በኩል ላክሁላቸው። ደስ ይላቸዋል፣ ምናልባትም ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። በማግስቱ ደወሉ። ከሰላምታ፣ «ውፍረትህ ቀንሷል ወይስ ጨምሯል?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ፣ ወዲያው «በሩ የታለ?» አሉኝ።

«የቱ በር እማማ?»

«የክፍሌ በር ነዋ! ወደ ውስጥ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው የቀረው። ቁጥሩ እሱ ላይ ነው። እዚህ ሥዕል ላይ የለም።»

በሩ ፎቶው ላይ አልነበረም። በሩ ስላለመኖሩ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው።

ነገሩን ላላወቀው ላብራራ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። የቀበሌ ቤት የምንለው ይህ ነው። በቀበሌ ቤት ውስጥ በውሉ ላይ ስሙ የሰፈረ ዋና ተከራይ አለ፤ ከሱ ጋር ደግሞ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜውን ሙሉ አንዷን ክፍል ይዞ የሚኖር ደባል አለ። እማማ ደባል ነበሩ። ሰፈሩ ሲነሣ ምትክ ቤት የሚጠየቀው በውል ነው። የእማማ ስም በውል ላይ የለም፤ ዋናዋ ተከራይ ከሞቱ ቆይተዋል። እማማ ያላቸው ማስረጃ አንድ ነው፤ ድሮ በተደረገ ምዝገባ ክፍላቸው ለብቻዋ ተቆጥራ ከቤቱ ቁጥር ጎን «ለ» የሚል ፊደል ተጽፎላት ነበር። ያ «ለ» በቆርቆሮ በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው። በሩን ግሬደር ወስዶታል። ፎቶው ግን በሩ ከመወሰዱ በፊት የተነሣ ነው።

ይህን የምጽፈው ፎቶግራፈሩን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ። ክሴ በልማዱ ላይ ነው። ልማዱም ይህ ነው፦ ከተማን በካሜራ ወይም በብሩሽ የሚይዝ ሰው ሕንፃ ሲያይ ሕንፃ አያይም፤ ተለዋጭ ዘይቤ ያያል። የፈረሰ ቤት «የፈረሰች ሀገር» ነው። የተዘጋ መስኮት «ዝምታ» ነው። ደረጃ «ተስፋ»፣ የዛገ ቆርቆሮ «ጊዜ»፣ የባሕር ዛፍ ርብራብ «ገና ያልተጠናቀቅን እኛ»። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የትኛውንም ዐውደ ርዕይ ላይ ያላየ አንባቢ እጁን ያውጣ። እኔ ራሴ በግጥም ዘመኔ ደረጃንና ተስፋን አጋብቻለሁ፤ ሰባ ደረጃ ላይ ውኃ ተሸክሞ የወጣ ሰው ቢያነበው በጥፊ ይለኝ ነበር።

ሰምና ወርቅን መጥራት በኛ ሂስ ውስጥ እንደ ማማተብ ሆኗል፤ ሁሉም ይጀምርበታል፣ ማንም አያስብበትም። ግን እዚህ ላይ በትክክል ያገለግለናል። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁን አይቀበልም። ሰሙ ስለ አራሽና ስለ በሬ ከሆነ፣ አራሹ በእውነት ማረስ አለበት፤ በሬውም በሬ መሆን አለበት። በከተማ ፎቶዎቻችን ውስጥ ግን ሰሙ ገና ሳይቆም ወርቁ ይወጣል። ግድግዳው የማን ግድግዳ እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደጠገነው ሳይነገረን «ቁስል» መሆኑ ይነገረናል። ይህ ሰም የሌለው ወርቅ ነው፤ ሰም የሌለው ወርቅ ደግሞ ቅኔ ሳይሆን መፈክር ነው።

ነገሩ ከካሜራ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1838 ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ከመስኮቱ ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ጎዳና አነሣ። ጎዳናው በሰውና በሠረገላ የተሞላ ነበር። ግን ሥዕሉ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ይወስድ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሁሉ ጠፋ፤ የቀሩት ሕንፃዎቹና ዛፎቹ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ምስሉ የተያዘለት፣ ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን ሰቅሎ የቆመ አንድ ሰው ነው፤ ጠራጊውም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። በፎቶግራፍ ላይ ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሊስትሮ ነው ማለት ነው! ሰው ይጠፋል፣ ግንብ ይቀራል። ያኔ የኬሚካሉ ዘገምተኛነት ነበር ሰውን ያጠፋው። ዛሬ ካሜራው በሺህኛ ሴኮንድ ውስጥ የዝንብ ክንፍ ይይዛል፤ ሰውን ከጎዳናው የምናጠፋው በምርጫችን ነው። ፎቶግራፈሩ ግቢው ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል። ባዶ ግቢ «ይናገራል» ይላሉ። ምን እንደሚናገር አውቃለሁ፤ ፎቶግራፈሩ የነገረውን ነው የሚናገረው፤ ሰው ቢኖርበት ግን ይቃወመው ነበር።

ከዳጌር ጥቂት ቆይቶ እዚያው ፓሪስ ሌላ ሰው ሌላ መንገድ አሳየን። ኦስማን የድሮዋን ፓሪስ እያፈረሰ ሰፋፊዎቹን ጎዳናዎች ሲያወጣ፣ የከተማው አስተዳደር ሻርል ማርቪል የሚባል ፎቶግራፈር ቀጥሮ ሊፈርሱ የተፈረደባቸውን ጠባብ መንገዶች አስነሣ፤ ከ400 በላይ ፎቶ። ማርቪል የአፍራሹ ደመወዝተኛ ነበር፤ ይህን መርሳት የለብንም። ግን የፎቶዎቹ ስም ምንድን ነው? የመንገዱ ስም ነው። ከየትኛው መንገድ ሆኖ ወደ የትኛው እንደሚታይ ነው። ዛሬ አንድ ሰው የቅድመ አያቱ ሱቅ የት እንደነበረ ፈልጎ ያገኛል። ውበቱስ? ከተነሣው ሁሉ የሚያምር ነው፤ ዝናብ ያረጠበው ኮብልስቶን ላይ ያለው ብርሃን ብቻ ያስቀናል። ውበቱን ለማግኘት አድራሻውን መሠዋት አላስፈለገውም።

ወደዚህ ወደምንኖርበት አገር ስንመጣ ደግሞ የዲትሮይት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የዓለም ፎቶግራፈር ሁሉ ወደ ዲትሮይት ጎረፈ። ፈረንሳውያኑ ማርሻንና ሜፍር በ2010 የከተማዋን ፍርስራሾች ትልቅ መጽሐፍ አድርገው አወጡ፤ አንድሩ ሙርም በዚያው ዓመት የራሱን። ከሁሉ በላይ የታወቀው ምሳሌ ሚሺጋን ሴንትራል የባቡር ጣቢያ ነው፤ በ1913 የተከፈተ፣ በ1988 የመጨረሻው ባቡር የለቀቀው። መስኮቶቹ የረገፉት ያ ግዙፍ ሕንፃ የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ሞት፣ የካፒታሊዝም መቃብር፣ የዘመናዊነት ፍጻሜ ተባለ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ ፎቶግራፈሩ ካሚሎ ቬርጋራ የመሐል ከተማው ባዶ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች እንደ አቴናው አክሮፖሊስ ፍርስራሽ ሆነው ይቆዩ የሚል ሐሳብ አቅርቦ የከተማዋን ሰዎች አስቆጥቶ ነበር። በ2010 በተደረገው ቆጠራ በዚያ «መቃብር» ውስጥ ከ700,000 በላይ ሕዝብ ይኖር ነበር። ልጅ ትምህርት ቤት ያደርስ ነበር፤ የውኃ ሂሳብ ይከፍል ነበር። በፎቶዎቹ ውስጥ ከነሱ የምናገኘው ጥቂት ነው። ጣቢያውን ደግሞ ፎርድ በ2018 ገዝቶ አደሰውና በሰኔ 2024 ለሕዝብ ተከፈተ። «የአሜሪካ ሞት» ዛሬ ጣሪያው አያፈስም። ምሳሌው ምን ይሁን እንግዲህ? ትንሣኤ? ከዚያስ ነዋሪው ኪራዩ ቢጨምርበት? ሕንፃው እንደሁ ምንም ብንለው ሕንፃ ነው፤ ባለቤት፣ ግብርና የቧንቧ መስመር አለው።

አሁን ወደ ሸገር። በኛ ገበያ ላይ ሁለት ምሳሌዎች ይሸጣሉ። አንደኛው የኛ የዲያስፖራዎች ነው፤ ፍርስራሹ። ሁለተኛው የቤተ መንግሥቱ ነው፤ አዲሱ። በድሮን ከላይ የተነሣ የኮሪደር ልማት ጎዳና፣ ማታ ማታ በመብራት የደመቀ፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከደመና ጋር ሲተሻሽ፣ ከሥሩም «ብልጽግና» ወይም «ትንሣኤ» የሚል ቃል። ሁለቱ ወገኖች በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሌሊት ሙሉ ይሰዳደባሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ሕንፃውን ስለ ሌላ ነገር እንዲመሰክር ያስገድዱታል፤ በሁለቱም ፎቶ ውስጥ እማማ የሉም። አንዱ ግሬደሩ ከመጣ በኋላ ያነሣል፤ ሌላው አበባው ከተተከለ በኋላ። በመካከል ያሉት ሳምንታት፣ ፍራሽና ምጣድ በአይሱዙ ተጭኖ የሄደባቸው ሳምንታት፣ ለሁለቱም አይጠቅሙም።

አንድ የልማቱ ደጋፊ ወዳጄ፣ «እናንተ ማሪላንድ ሆናችሁ ሙቅ ውኃ እየታጠባችሁ የኛን ጭቃ ቤት ትናፍቃላችሁ» ይለኛል። ልክ ነው። በግቢያችን አሥራ አንድ አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ይጠቀም ነበር፤ ክረምት ሲሆን ምን እንደሚመስል «ትዝታ» የሚለውን ቃል የጻፈው ሰው አልሸተተውም። የአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ አይጥ ሲሮጥ ሌሊት የምናዳምጠው ለሙዚቃው አልነበረም። ያ ግቢ ይቆይ ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ የለሁበትም። የፈረሰው እንዴት ፈረሰ፣ ያደረበት የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ናፍቆትም ሆነ ብልጽግና መልስ አይሆኑም። የቤት ቁጥር ይሆናል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ጥበብ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው እንዴ?» የሚል ይመጣል። አርቲስት የማስረጃ ሰብሳቢ አይደለም፣ ሐሳቡ ሰፊ ይሁን፣ ወዘተ። ይህ ክርክር ክቡር ይመስላል፤ ግን ትልልቆቹን ሠዓሊዎች ስናይ አይቆምም።

ጁሊ ምሕረቱን እንውሰድ። አዲስ አበባ በ1970 (እ.ኤ.አ.) የተወለደችው፣ በልጅነቷ ወደ ሚሺጋን የመጣችው ሠዓሊ። በ2012 «ሞጋማ» በሚል ርዕስ አራት ሥዕሎች አቅርባለች፤ እያንዳንዳቸው ከአራት ሜትር በላይ ይቆማሉ። ሞጋማ ካይሮ ታህሪር አደባባይ ላይ ያለው፣ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረው ግዙፍ ሕንፃ ነው፤ ግብፃዊ ሁሉ ለወረቀት፣ ለፈቃድ፣ ለማኅተም የተሰለፈበት። አደባባዩ ላይ አብዮት የፈነዳው እዚያ ሕንፃ አፍንጫ ሥር ነው። ምሕረቱ የሕንፃዎቹን መሥመር፣ መስኮቱንና አምዱን ሳይቀር፣ አርክቴክት እንደሚያደርገው በጥንቃቄ አስሥላ፣ በላዩ የሌሎች አደባባዮችን ንድፍ ትደርባለች፤ መስቀል አደባባያችንም ከነሱ መካከል አለ። ከዚያ በኋላ ነው በጥቁር ቀለም የምትሰርዘው፣ የምታደበዝዘው፣ የምታምሰው። ወርቁ፣ ማለትም ሥልጣንና አመፅ በአደባባይ ሲገናኙ የሚሆነው ነገር፣ የሚወጣው ሰሙ በእንደዚያ ዓይነት ትክክለኛነት ስለቆመ ነው። መስኮቶቹ መስኮት ባይሆኑ መሰረዛቸው ምንም አይለንም ነበር። የርዕሱ ስም ራሱ አድራሻ ነው! «ሥልጣን ቁጥር 4» አላለችውም።

ወይም ታደሰ መስፍንን እንይ፤ በገበያ ያሉ ሻጭ ሴቶችን ዘንካታ አድርጎ የሣለበትን፣ «የሕይወት ምሰሶዎች» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ። ይህ ቀጥተኛ የኪነ ሕንፃ ምሳሌ ነው፤ እንደ ክሴ ከሆነ መጀመሪያ ልወቅሰው የሚገባኝ እሱን ነው። አልወቅሰውም። የምሳሌው አቅጣጫ ተገልብጧል። ልማደኛው ሰውን አስወጥቶ ግድግዳውን ሰው ያደርገዋል፤ «ግድግዳው ያለቅሳል» ይላል። ታደሰ ግንቡን ጨርሶ አስወጥቶ ሸክሙን የተሸከመችውን ሴት በቦታው ያቆማል። ምሰሶ ደግሞ ሥራ አለው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ክብደት መያዝ ነው፤ ጉሊት የዋለች ሴት እግሯ ማታ ምን እንደሚላት ታውቃለች። እዚህ ጋ ሰሙም ወርቁም በአንድ ገላ ላይ ናቸው። (በቅንፍ ለማለት ያህል፣ «የሀገር ዋልታና ማገር» እያሉ በየስብሰባው ከሚደሰኩሩት ውስጥ ማገርን ከቋሚ ለይቶ የሚያውቅ ስንት ይሆን? ማገር ቋሚዎቹን አግድም የሚያያዘው እንጨት ነው፤ በምርጊት ይሸፈንና አይታይም። ምሳሌነቱ ከዚያ ይጀምር ነበር።)

ግርማ በርታም አለ። በስልኩ የአዲስ አበባን ሰው አንሥቶ ከጎዳናው ይለየዋል፤ ሕንፃው፣ ታክሲው፣ ሽቦው ሁሉ ይወጣና ሰውየው ከነጥላው በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ይቆማል። ከዳጌር ጎዳና ጋር አስተያዩት፤ እዚያ ሰው ጠፍቶ ግንብ ቀረ፣ እዚህ ግንብ ጠፍቶ ሰው ቀረ። ያም ሆኖ ያዘነበለው ትከሻና የተሸከመው ዕቃ ከተማው ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግሩናል። ጥላውን አለማጥፋቱ ልብ ይባል። አንድም ሰው ስሙ «ተስፋ» ነው ተብሎ አልተለጠፈበትም።

ሚካኤል ፀጋዬ «የወደፊት ትዝታዎች» ብሎ አዲስ አበባ እየፈረሰች እየተሠራች ባለችበት ወቅት ያነሣው ሥራ ደግሞ ለኔ ከባዱ ፈተና ነው፤ «ትዝታ» የሚለው ቃል አለበትና። ግን ቃሉ የት እንዳለ እዩ። ትዝታው ገና ወደፊት ነው የሚመጣው። ሊፈርስ ያለውን ገና ሰው ሳለበት ማየት፣ ከፈረሰ በኋላ መጥቶ ከመቆዘም ይለያል። አንዱ ቀድሞ ይመሰክራል፤ ሌላው ለቅሶ ደርሶ ንፍሮ ይበላል።

ኤልያስ ስሜ ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2019 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ዞማ ሙዚየምን የጎበኘ ሰው የምለው የበለጠ ይገባዋል። የግድግዳው ጭቃና ጭድ «ባህላችን» የሚል ጽሑፍ አልተለጠፈበትም። ጭቃው እየተቦካ፣ እየተላቀለቀ፣ እየተመረገ ግድግዳ ሆኗል፤ በቃ። እማማ ቢያዩት «ምርጊቱ ጥሩ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ግን...» ብለው አስተያየት ይሰጡ ነበር። በኔ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ሂስ የለም።

የምሳሌ ነገር ሲበዛ ወደ ምን እንደሚያደርስ ለመናገር አንድ ቃል ብቻ ልውሰድ፤ በረንዳ። በኛ ቋንቋ ቃሉ የራሱ ቁስል አለው፤ በረንዳ አዳሪ እንላለን። ቤሩት ግን በረንዳ የከተማዋ ጌጥ ነው። የአሮጌ በረንዳ ፎቶ የቤሩት ኪነ ጥበብ የዕለት እንጀራ ነው ማለት ይቻላል፤ «ወደ ባሕር የሚያይ ናፍቆት»፣ «በውስጥና በውጭ መካከል ያለ ሕይወት»። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቧል። ከነሱ 24ቱ ከፎቅ የወደቁ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከአሠሪዎቻቸው ለማምለጥ ሲሞክሩ። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ነበሩ። በዚያ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጣችው፣ በር ተቆልፎባት ጎዳናውን ቁልቁል ያየችው የኛ ልጅ ናት። «በውስጥና በውጭ መካከል» የሚለው ሐረግ እሷ ዘንድ ምሳሌ አይደለም፤ የሦስት ወይም የአምስት ፎቅ ርዝመት ነው። ፎቶው ያምራል፤ ብረቱ ተጠማዟል፣ ቀለሙ ተላጧል፣ ብርሃኑ የምሽት ነው። እኔ ግን ማየት አልችልም። ማየት የምችለው ፎቶግራፈሩ ከብረቱ አጠገብ የቀረውን መወልወያ ካላስወገደው ነው።

ልማዱ የሚቆየው ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። የዐውደ ርዕይ አዘጋጅ፣ የገንዘብ ድጋፍ ሰጪ፣ ካታሎግ ጸሐፊ የሚገባው «ማንነት»፣ «ዝክር»፣ «ስደት» ነው፤ ስለ ደባል ምትክ ቤት ማመልከቻ ብትጽፍለት ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ሌላው ምክንያት ግን እኛ ነን፤ ገዢዎቹና አድናቂዎቹ። ሀገሩን የተወ ሰው ፍርስራሽ ይወዳል። የፈረሰ ቤት አይጠብቀውም፤ «መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ አይደውልለትም። ሳሎኑ ውስጥ ቢሰቅለው ይስማማዋል። ያን ምሽት «ትዝታ፣ ቁጥር 4» ሥር ቀይ ነጥብ ተለጥፎ ነበር፤ ተሽጧል ማለት ነው። ዋጋውን አይቻለሁ፤ እማማ በደባልነት ለብዙ ዓመታት ከከፈሉት ኪራይ ሁሉ ይበልጣል። ይህን ስል ገዢው ወንጀለኛ ነው እያልኩ አይደለም። እኔም ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር። ጥጋኙ የኔ ነዋ።

ወደ ፎቶግራፈሩ ልመለስ። ከእማማ ጋር ካወራሁ በኋላ ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለት። ነገሩን ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «በሩ ነበር» አለኝ። ሙሉው ምስል ላይ በስተቀኝ በኩል በሩ ይታያል፤ ቁጥሩም ይነበባል። እሱ ቆርጦታል። «ቀዩ ቁጥር ዓይን ይጎትት ነበር» አለኝ በሐቀኝነት፤ «ተመልካቹ ቁጥሩን እያነበበ ግድግዳውን አያይም ብዬ ፈራሁ።»

ይህ የልማዱ ሁሉ ማጠቃለያ በአንድ አረፍተ ነገር ነው፤ እሱም በገዛ አፉ ተናገረው። ተመልካች ቁጥር ካነበበ ቤቱ የአንድ ሰው ይሆናል። የአንድ ሰው ከሆነ የሁላችንም «ቁስል» መሆኑ ይቀራል፤ ወይም ቢያንስ ይከብደዋል። እኔ ደግሞ ይክበደው ባይ ነኝ። ከበሩ ጋር ሳየው፣ ሙሉው ፎቶ ከተቆረጠው ይሻላል፤ ይህን የምለው ለእማማ ብዬ አይደለም። ቀዩ «ለ» ከአረንጓዴው የዘይት ቀለም ጎን ሲቆም ዓይን ይጎትታል፣ እውነት ነው፤ ዓይን ከጎተተ በኋላ ግን ወደ አምስቱ ምስማሮች ይመልሰናል፤ ያኔ ምን ተሰቅሎባቸው ነበር ብለን መጠየቅ እንጀምራለን። በተቆረጠው ፎቶ ላይ ይህን የሚጠይቅ የለም። መልሱ አስቀድሞ ከሥሩ ተለጥፏል።

ልጁ በዚያው ሌሊት ሙሉውን ምስል ላከልኝ፤ ፎቶው የተነሣበት ቀንና ሰዓት በፋይሉ ውስጥ እንዳለ። ዐውደ ርዕዩ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ በሩ ተመልሶ እንደሚገባ፣ ስሙም የቤቱ ቁጥር እንደሚሆን ነግሮኛል። የገዛው ሰው ይስማማ እንደሆነ ገና አልታወቀም።

እማማ ፎቶውን በትልቁ አሳትመው፣ ሦስት ቅጂ አድርገው፣ ሁለቱን በማመልከቻቸው ላይ አያይዘዋል። አንዷን ኮንዶሚኒየም የደረሳት የልጅ ልጃቸው ጋ፣ አሁን በሚያድሩበት ሳሎን ውስጥ ሰቅለዋታል። ባለፈው እሑድ ስደውል ጉዳዩ የት እንደደረሰ ጠየቅኋቸው። ኮሚቴው ኦርጅናሉን አምጡ ብሏል።

«ኦርጅናሉማ በሩ ነበር» አሉኝ።